በቀን አሥራ አንድ ጊዜ ስለ ልጄ ለሚነግሩኝ ርዕሰ መምህርት

ለተከበሩ የመዋዕለ ሕፃናቱ ርዕሰ መምህርት
ባሉበት

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን በትሕትና እያቀረብኩ፣ እርስዎ፣ ምክትልዎ፣ እንዲሁም በቢሮዎ ጥግ ያለ ዕረፍት የሚሠራው ኮምፒዩተር በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። በተለይ የኮምፒዩተሩ ጤና እጅግ ያሳስበኛል፤ እርሱን አንድ ቀን ጉንፋን ቢይዘው ሁለት መቶ ወላጅ ልጁ ቦርሳዋን መስቀል አለመስቀሏን ሳያውቅ ይውላልና። እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና በጣም ደህና ነኝ። ደህና መሆኔንም በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምናገረው።

ከትምህርት ቤትዎ በር ሁለት መታጠፊያ አለፍ ብላ የምትገኘው ፀጉር ቤት ባለቤት ስሆን፣ አምስት ዓመት የሞላት ልጄ በእርስዎ ጥበቃ ሥር ትማራለች። ይህን ደብዳቤ በስልክ ልልክልዎ ሞክሬ ነበር። ሆኖም ከትምህርት ቤቱ የሚመጣው መልእክት ሁሉ ከሥሩ «ለዚህ ቁጥር ምላሽ መስጠት አይቻልም» የሚል ማሳሰቢያ ስላለው፣ ምስጋናዬንም ቅሬታዬንም በፀጉር ቤቴ መስኮት ላይ ለመለጠፍ ተገድጃለሁ። ሰው ያነበዋል ብለው ሐሳብ አይግባዎ፤ ደንበኞቼ እዚህ የሰሙትን ሌላ ቦታ ሲያወሩ ታይተው አይታወቁም፣ ቢያንስ በእኔ ፊት።

አንደኛ፣ ስለ መልእክቱ ብዛት።

በዓመቱ መጀመሪያ ወላጆችን ሰብስበው፣ ስለ ልጆቻችን በስንት ጊዜ አንዴ እንዲነገረን እንደምንፈልግ ስለጠየቁን ዛሬም አመሰግናለሁ። አንዲት እናት በወር አንዴ ይበቃል አሉ፤ እኔ በሳምንት አንዴ ቢሆን ብዬ እጄን አወጣሁ፤ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት ደግሞ በየቀኑ ቢሆን ምን ይላችኋል አሉ። እርስዎም ሦስታችንን በጥሞና ካዳመጡ በኋላ፣ ማንም ያልጠየቀውን በቀን አሥራ አንድ ጊዜ መረጡልን። ከዚያ ወዲህ ስልኬ ከጠዋት እስከ ማምሻ «ልጅዎ ገብታለች»፣ «ልጅዎ ቦርሳዋን ሰቅላለች»፣ «ልጅዎ እጇን ታጥባለች»፣ «ልጅዎ በደስታ ላይ ትገኛለች» እያለ ሲነግረኝ ይውላል። ሥራዬ በሰው ጉሮሮ ላይ ምላጭ ማሳረፍ መሆኑን ስለማያውቁ አልፈርድብዎትም። ደንበኞቼ ኪሴ ሲንቀጠቀጥ ትንፋሻቸውን መያዝ ለምደዋል። አሥራ አንደኛው መልእክት «ልጅዎ ከበር ወጥታለች» የሚለው ነው፤ እርሱም ሁልጊዜ የሚደርሰኝ የልጄን እጅ ይዤ መንገድ ስሻገር ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ መልእክቱ ይዘት።

በሁለተኛው ሳምንት የመልእክቱ ጠባይ ተለወጠ። «ልጅዎ ምሳዋን አልበላችም» አለ። «ልጅዎ ተራ አልጠበቀችም» አለ። ቀጥሎም «ልጅዎ የጓደኛዋን ክንድ ነክሳለች» የሚል መጣ። ልጄን ስለማያውቋት ልንገርዎ፤ ከወንበር ጋር ብትጋጭ ወንበሩን ይቅርታ የምትጠይቅ፣ ዝንብ እሽ የማትል ልጅ ናት። ልብስ ሰፊዋ ባለቤቴ መልእክቱን ስታይ መርፌዋን ከአፏ አውጥታ፣ ሂድና መምህሯን በአካል ጠይቃት አለችኝ። እኔ ግን፣ አንድ መሥሪያ ቤት እንዴት በቀን አሥራ አንድ ጊዜ ይሳሳታል ብዬ ተከራከርኳት። ይህ ጥፋት የእኔ ነው፤ በእርስዎ ላይ አላላክክም።

ልጄ በመጀመሪያው ቀን «አባዬ፣ እኔ አልነከስኩም» አለችኝ። በሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው ከመንከስ መዋሸት ይብሳል ብዬ ገሠጽኳት። አራተኛው የንክሻ መልእክት የመጣ ዕለት ስልኩን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያም በቀስታ «እሺ፣ ነክሻለሁ» አለችኝ። እውነት በመናገሯ አቅፌ አመሰገንኳት፤ በማግሥቱም የክፍሏን ልጆች አንድ በአንድ ይቅርታ እንድትጠይቅ መከርኳት። እሷም ታዛዥ ናትና ሁሉንም ዞራ ጠየቀች።

ሦስተኛ፣ ስለ ትኩሳቱ ቀን።

ባለፈው ማክሰኞ ከምሳ በፊት አንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ ወንበሬ ላይ ተቀምጠው፣ ቀኝ ጉንጫቸው ተላጭቶ ግራው በአረፋ እንደተሸፈነ፣ «ልጅዎ ከፍተኛ ትኩሳት ስላላት በአስቸኳይ መጥተው ይውሰዷት» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ምላጩን አስቀምጬ ሽርጤን ሳልፈታ ሮጥኩ። ቢሮዎ ስደርስ እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ስብሰባው ስለ መልእክት አገልግሎቱ መስፋፋት እንደነበረ በኋላ በአሥራ አንዱ መልእክት ላይ ተጨምሮ ተነገረኝ። ጸሐፊዋ ፍራሽ ላይ የተኛች ሕፃን አሳዩኝ። ብርድ ልብሱን ገለጥ ሳደርግ በሕይወቴ አይቻት የማላውቅ ልጅ ናት።

ይቺ ልጅ የኔ አይደለችም አልኳቸው። ጸሐፊዋ ልጅቷን ሳይሆን ኮምፒዩተሩን አዩና «ሲስተሙ የእርስዎ ናት ይላል» አሉኝ። የወለድኳትን አውቃታለሁ ብላቸው፣ በጨዋነት፣ ልጅዎ አለመሆኗን የሚገልጽ ማስረጃ ይዘው እንደሆነ ያሳዩኝ አሉ። ክብርት ሆይ፣ ማስረጃዬ በዚያች ቅጽበት ግቢው ውስጥ እጇን ለመታጠብ ተሰልፋ ነበር፤ በመስኮቱ አየችኝና «አባዬ» ብላ ተጣራች።

ነገሩ ሲጣራ ቀላል ሆነ። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሞክሼ ሴቶች ልጆች አሉ። መምህርታቸው በተቀመጡበት ለይታ አንዷን የመስኮቷ፣ ሌላዋን የበሯ ትላቸዋለች፤ የመስኮቷ የእኔ ናት። የእርስዎ ኮምፒዩተር ግን መስኮትም በርም ስለማያውቅ፣ የበሯን መልእክት ለእኔ፣ የእኔን ልጅ መልእክት ለበሯ እናት ሰባት ሳምንት ሙሉ ሲልክ ኖሯል። ይህም አንድም ቀን ሳያስታጉል ነው።

መምህርቷ የበሯን እናት ትክክለኛ ስልክ ከልጅቷ ደብተር ሽፋን ላይ አግኝታ ስትደውል፣ እኔ የታመመችውን ልጅ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ጠበቅሁ። ዓይኗን ገለጠችና የማን አባት እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። የመስኮቷ አልኳት። ትንሽ አሰበችና «እሷ ማንንም አትነክስም፤ እኔ ነኝ የምነክሰው። እሷ ግን ዝም ብላ ሁላችንንም ይቅርታ ትጠይቃለች፤ እኔንም ጠየቀችኝ» አለችኝ። ትኩሳቷ ሠላሳ ዘጠኝ ነበር፤ የሰጠችኝ መረጃ ግን ከትምህርት ቤቱ የሰባት ሳምንት መረጃ ሁሉ ይልቅ ትክክል ነበር።

እናትየዋ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ደረሱ። ልጅቷ የትኩሳት መድኃኒት ወስዳ እስኪቀልላት በሕፃናቱ ወንበር ላይ ተቀመጥን፣ ጉልበታችን አገጫችን ጋ ደርሶ፣ ስልካችንን ተለዋውጠን ማንበብ ጀመርን። እርሳቸው ለካ ሰባት ሳምንት ሙሉ «ምሳዋን ጨርሳ በልታለች»፣ «ማንንም አልረበሸችም» ሲባሉ ከርመዋል። ልጄ ተለወጠች ብለው ፈጣሪን አመስግነዋል፤ ይህም ሳያንስ «ለአማቴ በየሳምንቱ ያወራሁላት የእርስዎን ልጅ ነው» ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ጣቴ አንድ መልእክት ላይ እስኪያርፍ ድረስ።

«ልጅዎ ዛሬም ለብቻዋ ተጫውታለች» ይላል። ወደ ላይ ገፋሁት። ከዚያ በፊት ባለው ቀንም አለ። አሥራ አራት የትምህርት ቀን ቆጠርኩ። እናትየዋ ሳቃቸውን አቆሙና፣ የእኔ ልጅ ሰፈሩን ሁሉ የምታስከትል ስለሆነች እንዲያው የጻፉት መስሎኝ አለፍኩት አሉኝ። ምን ያድርጉ። እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው።

ልጄን አስፈቅጄ ይዣት ወጣሁ። መንገድ ላይ ለምን ብቻዋን እንደምትጫወት ስጠይቃት፣ እንደ ተራ ነገር «ይቅርታ ስላልኳቸው ነካሽ ናት ብለው ይሸሹኛል» አለችኝ። የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። ያልነከስሽውን ለምን ነከስኩ አልሽኝ ብላት፣ «ነክሻለሁ ስልህ ደስ ስላለህ» አለችኝ። ክብርት ሆይ፣ በሃያ ዓመት ሥራዬ የብዙ ሰው ጆሮ ጫፍ አድምቻለሁ፤ እንደዚህ ያለ አሳፋሪ ስሕተት ግን ሠርቼ አላውቅም።

ፀጉር ቤት ስንደርስ ዳኛው ግራ ጉንጫቸው ላይ አረፋው ደርቆ ጋዜጣ እያነበቡ ይጠብቁኛል። ታሪኩን ነገርኳቸው። ተከሳሿን ሰምተሃታል ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ ሰምቻታለሁ አልኩ። አምነሃታል ወይ አሉኝ፤ ምላጬን መሳል ጀመርኩ። እርሳቸውም ለልጄ ጋዜጣውን ሰጧትና ያልተላጨውን ጉንጫቸውን አዞሩልኝ።

የበሯ ድና በተመለሰች ቀን፣ መምህርቷን አስፈቅጄ ክፍሉ ፊት ቆምኩ። ልጄ ማንንም እንዳልነከሰች፣ የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ ተናግሬ ይቅርታ ጠየቅሁ። አንዱ ሕፃን፣ ታዲያ የነከስከው አንተ ነህ ወይ አለኝ። ሌላው ጥርሴን እንዳሳየው ጠየቀኝ፤ አሳየሁት። በዚህ መካከል የበሯ ከመቀመጫዋ ተነሥታ «አራቱንም የነከስኩት እኔ ነኝ» አለች፤ ሽልማት እንደሚቀበል ሰው ደረቷን ነፍታ። በዚያው የዕረፍት ሰዓት መጥታ ልጄን ጎትታ ወሰደቻት። አሁን ሁለቱም በአንድ ወንበር ላይ፣ ከመስኮቱም ከበሩም እኩል ርቀው ይቀመጣሉ። ልጄ ከትናንት በስቲያ ተራዋን የወሰደባትን አንድ ጎረምሳ የአምስት ዓመት ልጅ በገዛ ድምጿ «ተራዬን መልስ» እንዳለችው ሰምቻለሁ። የሰማሁትም ከመልእክት ሳይሆን ከራሷ ነው፤ አመንኳትም።

አራተኛ፣ ስለ መምህርቷ።

በክፍሏ ሠላሳ ስድስት ልጆች አሉ። በቀን አሥራ አንድ ሲባዛ ሦስት መቶ ዘጠና ስድስት መልእክት ነው። ልጄ ብቻዋን መሆኗን አይታለች፤ ጽፋም ልካለች፤ ቀና ብላ አጠገቧ ለመቀመጥ ግን የሚቀጥለው ልጅ እጁን መታጠቡን መጻፍ ነበረባት። ድሮ በር ላይ በሁለት ቃል ትነግረኝ የነበረችው ሴት፣ ዛሬ እዚያው በር ላይ ቆማ እኔን ሳታየኝ ለእኔ ትጽፋለች።

ስሕተቱን ባመለከትን በማግሥቱ ስለወሰዱት ፈጣን እርምጃም ሳላመሰግን አላልፍም። አሁን «ከላይ የደረሱዎት አሥራ አንድ መልእክቶች የልጅዎ መሆናቸውን ያረጋግጡ» የሚል አሥራ ሁለተኛ መልእክት ይደርሰናል።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ዓርብ ስንወስዳቸው፣ መምህርቷ ስለ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ዓረፍተ ነገር በአፏ ትንገረን፤ ስሙን የምትጠራውን ልጅ ፊቱን እያየች። ልጅ ሲታመም፣ ሲጎዳ ወይም ብቻውን ሲቀር ግን ዓርብን ሳትጠብቅ ትደውልልን። ቦርሳውን መስቀሉን፣ እንዲያው በድፍረት፣ እናምናለን።

ለሰጡኝ ሰባት ሳምንት የሌላ ሰው ልጅ የማሳደግ ዕድል ውለታዎን መመለስ የማልችል፣ ምላጩ የማያርፍ፣ ኪሱም የማያርፍ፣ የአንዲት ልጅ አባት፣ ሲስተሙ ከፈቀደም የሁለት፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር
ፀጉር አስተካካዩ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ስፈርም «ልጅዎ ዛሬ ከትምህርት ገበታዋ ቀርታለች፤ ምክንያቱን በአስቸኳይ ያሳውቁ» የሚል መልእክት ደረሰኝ። በትሕትና አሳውቃለሁ፦ ዛሬ እሑድ ነው።