እናታችንን ከመደርደሪያ ስላወረደችው ሠራተኛዎ

ለተከበሩ የዓለም አቀፉ ዕቃ ማጓጓዣ ድርጅት የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ጤና፣ የአውሮፕላኖችዎንና የመርከቦችዎን ጤና፣ እንዲሁም ስደውል ሁሉ ሳይሰለቸው "ጥሪዎ ለእኛ ውድ ነው" እያለ በሙዚቃ ያቆየኝን የስልክዎን ድምፅ ጤና አብዝቼ እመኛለሁ። እናቴም እኔም መጠበቅ ካልሆነ በቀር ምንም አላመመንም።

በአደባባይ መጻፌን ከድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምንዎታለሁ። እኔ ታክሲ ውስጥ "ወራጅ አለ" ማለት ከብዶኝ፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ በእግሬ ወደ ኋላ የምመለስ ልጅ ነኝ። ነገር ግን የድርጅትዎ የቅሬታ ገጽ ከሁለት መቶ ፊደል በላይ አልቀበልም ስላለኝና የእኔ ሰላምታ ብቻውን ከዚያ ስለበለጠ፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ለመለጠፍ ተገድጃለሁ። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ስላቆምኩ ለሚያገኙት ግድፈት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ኮምፒውተር ስለሌለን ደግሞ በእጄ የጻፍኩትን የተየበልኝ በትየባ ሥራ የእናቴ ተፎካካሪ የሆነ ሰው ነው፤ እሱንም በዚሁ አጋጣሚ አመሰግናለሁ።

ጉዳዬ አንድ ነው። ታላቅ እህቴ ባሕር ማዶ ባለው ትልቁ መጋዘንዎ ዕቃ ደርዳሪ ነበረች። እናታችን ያዘዘችውን ኮምፒውተር ከተረሳበት መደርደሪያ አውርዳ ወደ መንገዱ ስለመለሰችው ከሥራ ተባራለች። ሥራዋን እንዲመልሱላት ልለምንዎ ነው የመጣሁት። ለልመናም ባዶ እጄን እንዳልቀርብ፣ ድርጅትዎ ያደረገልንን ውለታ በቁጥር ለይቼ ከዚህ በታች አመሰግናለሁ።

አንደኛ፦ ስላስተማሩኝ ጂኦግራፊ።

እናቴ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሕንፃ ደረጃ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ማመልከቻ የምትተይብ ሴት ናት፤ ችግሩን መናገር እንጂ መጻፍ የማይሆንለት ሰው ሁሉ ወደ እሷ ይመጣል፣ እኔም ወረቀቱን አትሜ በስቴፕለር እመታለሁ። አሮጌው ኮምፒውተራችን የአንድ ጡረተኛ ማመልከቻ መካከል "በመሆኑም" የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ጠቆረና ከዚያ ወዲህ አልነቃም። የኮምፒውተር ሱቁ ባለቤት አዲሱን ሲያዝልን "እኔ እኮ አልፈለፍለውም፣ ከዓለም ተለቃቅሞ ነው የሚመጣው" አለን። እውነቱን ነበር። መስተዋቱ ከአንድ አገር፣ አንጎሉ ከሌላ አገር፣ ባትሪው ከሦስተኛ አገር ተሰብስበው በአራተኛ አገር ፋብሪካ ተጋጠሙ፤ የእኛም ፊደል በቁልፎቹ ላይ የታተመው እዚያ ነው። ከዚያ በመርከብ፣ ቀጥሎም በአውሮፕላን ሄደ። ከአውቶቡሱ የመጨረሻ ፌርማታ አልፌ የማላውቀው ልጅ፣ የሰጡንን የመከታተያ ቁጥር በእናቴ ስልክ እያስገባሁ ስማቸውን ማንበብ የሚያቅተኝን ወደቦች ሁሉ አወቅሁ። ኮምፒውተራችን ገና ሳይበራ ከዘር ማንዘራችን ሁሉ የበለጠ አገር አየ።

አንድ ቀን ደግሞ በእኛው ከተማ ላይ አልፎ በረረ። በየአድራሻው ሳይለይ መውረድ አይችልምና መጀመሪያ ወደ ትልቁ መጋዘን ደርሶ፣ ተለይቶ፣ ያንኑ ሰማይ አቋርጦ ወደ እኛ መመለስ ነበረበት። ይህንን ለእናቴ ባስረዳኋት ጊዜ ወደ ላይ አንጋጣ "ምናለ እግረ መንገዳቸውን እዚሁ ቢጥሉልን?" አለች። እባክዎ አይቀየሟት፣ እሷ ስለ ማጓጓዝ ሥራ ብዙም አታውቅም።

ሁለተኛ፦ ስለ ቃላቶችዎ ለስላሳነት።

መከታተያ ገጽዎ መጀመሪያ "በጉዞ ላይ" አለ፣ ቀጥሎ "በመለየት ላይ" አለ፣ ከዚያ "ለጊዜው በቆይታ ላይ" አለና እዚያው ሰነበተ። በመጨረሻ "ባለቤቱ በመፈለግ ላይ" የሚል መጣ። እናቴ ይህን ስትሰማ ከመቀመጫዋ ተነሥታ "እኔን ነው እንዴ የሚፈልጉት? አለሁ በያቸው እንጂ! ምን አፍሽን ይዘሽ ትቀመጫለሽ?" ብላ ጮኸችብኝ። እኔ ግን ገጹ ላይ "አለሁ" የሚባልበት ቦታ ብፈልግ አጣሁ።

ሦስተኛ፦ እናቴንና እህቴን ስላገናኙልን።

እህቴ ከቤት ከወጣች ጀምሮ እናቴ በአካል አይታት አታውቅም። ኮምፒውተሩ እህቴ በምትሠራበት መጋዘን እንደሚያልፍ ብናውቅም፣ መጋዘኑ ከተማ ያህላል እየተባለ ስለሚወራ ይገናኛሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም። ታዲያ አንድ ቀን የፈረቃ አለቃዋ፣ ማሽን አላነብም ያላቸው ዕቃዎች የሚከማቹበትን ጥግ አጽጂ ብሎ ላካት። የእኛ ካርቶን ላይ ያለው ባርኮድ ውሃ ነክቶት ተዥጎርጉሯል። ከሥሩ ግን የእናቴ ስም ከነአባቷና ከነአያቷ፣ ከነስልክ ቁጥሯ፣ ጥርት ብሎ ታትሟል። እህቴ በሹክሹክታ የላከችው የድምፅ መልእክት እስከ ዛሬ አለኝ፤ ትሳቅ ወይም ታልቅስ አይለይም። "ጭምት" ትላለች፣ እኔን የምትጠራኝ እንደዚያ ነው፣ "ጭምት፣ እማዬ እዚህ አለች! እማዬን አገኘኋት እኮ። መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብላልሻለች!"

ከዚያ ቀን በኋላ ቤታችን ሌላ ቤት ሆነ። ሻይ ዕረፍቷን ጠብቃ ወሬ ትልክልናለች፦ "እማዬ ደህና አድራለች፣ ግን ዛሬ የሕፃን ጋሪ ጭነውባታል።" እናቴም ስልኩን ከእጄ ነጥቃ "አውርጂልኝ በሞቴ፣ ወገቤን!" ትላለች። "እማዬን ከግድግዳው ትንሽ ፈቀቅ አደረግኋት፣ ቧንቧው ያንጠባጥባል።" "ተባረኪ ልጄ፣ እኔ ብርድ አልችልም።" እንዲህ እየተባባሉ ሲስቁ እኔ ከእናቴ አጠገብ ሆኜ እሰማለሁ። አንድ ምሽት ግን እናቴ ሰሃን እያጠበች፣ ፊቷን ሳታዞር "ትንሽ ቢቆይስ ምን ይለዋል? ለእሷም እኮ ሰው ነው" አለች። ካርቶን መሆኑን ታውቃለች።

አራተኛ፦ ስለ ሥራ ክፍፍልዎ።

እህቴ አለቃዋን እየጎተተች አምጥታ "ስሙ ይኸውና፣ የእናቴ ነው" ብላዋለች። "ማሽኑ አላነበበውም" አላት። "እኔ እኮ አነበብኩት" ብትለው "አንቺ ማሽን አይደለሽም" አላት። ክቡር ሆይ፣ በዚያ መጋዘን ከገባች ጀምሮ ማሽን አለመሆኗን የመሰከረላት ሰው እሱ ብቻ ስለሆነ ምስጋናችን ይድረሰው። አዲስ ባርኮድ የሚያትመው ክፍል ደግሞ ጥያቄው ከራሷ ከባለቤቷ መምጣት አለበት አለ፤ የባለቤቷም ጥያቄ የመደርደሪያውን ቁጥር መያዝ አለበት አለ፤ የመደርደሪያው ቁጥር የሚነገረው ግን ባለቤቷ ከታወቀች በኋላ ነው አለ።

ቁጥሩን እህቴ ነግራኝ ስለነበር ደወልኩ። የምናገረውን ወረቀት ላይ ጽፌ፣ ሦስቴ አንብቤ ደወልኩ። አንዲት ድምፀ መልካም ሴት "የመደርደሪያ ቁጥር አለሽ እህቴ?" አለችኝና አነበብኩላት። ከዚያ በዚያው መልካም ድምፅ "ይህ የውስጥ ቁጥር ነው፤ ከየት አገኘሽው?" አለች። ከየት አገኘሁት ልበል? እህቴን ልጥራ? ወረቀቴ ላይ ለዚህ የጻፍኩት መልስ አልነበረም። "ይቅርታ" ብዬ ዘጋሁ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር፣ "ምን አሉሽ?" ስትለኝ "እየፈለጉ ነው" አልኳት።

አምስተኛ፦ እናቴን በመጨረሻ ስላወቋት።

እናቴ እስከዚያ ድረስ በእጅዋ ስትጽፍ ነበር፤ መሥሪያ ቤቶቹ በእጅ የተጻፈ አንቀበልም እያሉ ደንበኞቿን ሲመልሱባቸው ግን አንድ በአንድ ወደ ተፎካካሪዋ ሄዱ፤ እሷም ጠረጴዛዋን አስጭና ወደ ቤት አመጣች። እህቴ በስልክ ቪድዮ ስታወራን ጠረጴዛውን ከአልጋው ጎን ተገትሮ አየችው። በማግስቱ የፈረቃ ለውጥ ላይ የትዕዛዙን ቁጥር በጥቁር እስክሪብቶ ካርቶኑ ላይ አጉልታ ጻፈችና፣ ዕቃ በሚሄድበት ተንቀሳቃሽ ቀበቶ ላይ አስቀመጠችው። ማንም ሰው ቢያየው የሚገባው ቁጥር ነበር፤ ያየው ግን ማሽን ስለሆነ ቀበቶውን አቁሞ ጮኸ።

ቢሮ አስጠርተዋት ኃላፊው ጥፋቷን አነበበላት። "ያንቀሳቀስሽው ዕቃ የእነ እገሌ ነው" ብሎ የእናቴን ስም ከነአባቷና ከነአያቷ፣ አንዲት ፊደል ሳያጎድል፣ ከነስልኳ፣ ከነሰፈሯ ጠራው። "ዝምድና፦ እናት" አለ። የዘመድን ዕቃ ያለ ማሽን ትእዛዝ መንካት ከሥራ ያሰናብታል ተባለ። እህቴ ደንግጣ እንኳ "ታዲያ ባለቤቷ ከታወቀች ይላክላታ" ብላ ነበር። "እሱ የሌላ ክፍል ሥራ ነው" አሏት። ካርቶኑ ወደ መደርደሪያው ተመለሰ። ገጹን ዛሬ ጠዋት ከፍቼ አይቼዋለሁ፤ "ባለቤቱ በመፈለግ ላይ" ይላል።

ክቡር ሆይ፣ ልጇን ለማባረር ሲሆን ከነአያቷ የምትታወቅ እናት፣ ዕቃዋን ለመረከብ ሲሆን የት ጠፍታባችሁ እንደሆነ ባላውቅም፣ ቢያንስ አንዱ ክፍል ስላወቃት ደስ ብሎናል።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። እህቴ የምታድረው በድርጅትዎ የሠራተኞች ማደሪያ ነበርና እስከ ዓርብ አልጋውን ልቀቂ ተብላለች። ወደ ቤት ነይ ስንላት "ምን ይዤ?" ትላለች። የት ልታድሪ ነው ስላት "እስቲ አያለሁ" ትለኛለች፤ ድምፅዋ ግን የሚያይ ሰው ድምፅ አይደለም። እናቴ ኮምፒውተሩን ከነጭራሹ ረስታዋለች፤ "ምነው ያኔ ባላዘዝኩት" ከማለት በስተቀር። እኔም የማደርግላት ነገር ስለሌለኝ አጠገቧ እቀመጣለሁ።

ሥራዋን ቢመልሱላት ምኞቴ ነው። ያንን ደንብዎ ካልፈቀደ ግን ሌላ ደንብ ገጽዎ ላይ አንብቤያለሁ። ባለቤቱ ያልታወቀ ዕቃ ለስድስት ወር ከጣሪያ በታች፣ ሙቀቱ በተመጠነ ክፍል ይቀመጣል እንጂ ወደ ውጭ አይጣልም ይላል። እባክዎ እህቴን እንደ አንድ ካርቶን ቆጥረው ይህንኑ ደንብ ይፍቀዱላት። ቦታ አታጣብብም፤ ከላይዋ ምንም ቢጭኑባት ለምዳዋለች። እኛም ይዘናት የምንመጣበትን መንገድ እስክናገኝ ድረስ አደራ እንላለን። የማን ናት ብለው የሚፈልጉ ከሆነም፣ የእኛ ናት።

ማሽን እስኪያነበኝ ድረስ በትዕግሥትና በታላቅ አክብሮት የምጠብቅ፣ የባለ ካርቶኗ ሁለተኛ ልጅ፣ የቀድሞ ሠራተኛዎ ታናሽ እህት፣

ጭምት

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ገጽዎ ላይ የሥራ ማስታወቂያ አየሁ። ለዚያው መጋዘን አንድ ዕቃ ደርዳሪ በአስቸኳይ ትፈልጋላችሁ። መስፈርቱ "የእያንዳንዱን ደንበኛ ዕቃ እንደ ገዛ እናቱ ንብረት የሚመለከት" ይላል። አንዲት አውቃለሁ። እስከ ዓርብ እዚያው ግቢ ውስጥ ናት።