ለምሕረት የሚበቃ ጥፋት ስላጡ ሁለት ሰዎች

ይድረስ ለክቡር ባላምባራስ ወርቅአገኘሁ፣ የአምባችንና የቆላው ገበያ ሹም፤ እንዲሁም ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ቆሞ ይህን ለሚሰማ ሁሉ።

እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ እንደ ማዕረግዎ ከፍ ያለ፣ እንቅልፍዎም እንደ ችሎትዎ ዕረፍት የረዘመ ይሁን። እኔ፣ የመሪጌታ ገብረ ጻድቅ ሚስት የነበርሁት ወለተሐና፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና በሕይወት አለሁ። ፊደል የለየሁት ባለቤቴ ተማሪዎቹን ሲያስቆጥር ከጓዳ ሆኜ በመስማት ነውና፣ አጻጻፌ ቢጎረብጥዎ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሱ አይደለም። ጸጥ ብዬ የምኖር ሴት ነኝ፤ ነገር ግን ከብዙ ዘመን በፊት መናገር ሲገባኝ ዝም በማለቴ አንድ ሰው ተጎድቶብኛልና፣ ዘንድሮም ዝም ብል ፈጣሪ እንዴት ያየኛል ብዬ ብዕር አነሣሁ።

የምጽፍልዎ አስቀድሞ ለማመስገን ነው። በሚያዝያ ወር በገበያው መካከል ነጋሪት አስመትተው፣ «ንጉሣችን ከዘመቻ በደኅና ገብተዋልና ይህ ቀን የአገር ቀን ይባል፤ በዚህ ቀን ሥራ የሚሠራ፣ ፊቱን የሚያጠቁር፣ ሙግትም የሚያነሣ ይቀጣል» ብለው ያሳወጁት በዓል፣ በዕድሜዬ ካየኋቸው በዓላት ሁሉ ይልቅ የሚያስደስት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ይህን ስል አላሾፍም። ምክንያቱን እንደ አቅሜ በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

፩. በዓሉ የማንም ጻድቅ አይደለም። በሌሎቹ በዓላት ሁሉ አንድ ያልፈጸምሁት ስለት ይከተለኛል፤ የአገር ቀን ግን ስለት አይጠይቅም፣ ጾም አያስቀድምም፣ ቅስና አያስፈልገውም። ስለዚህ የነጋዴው የፈረጅ ሚስት ኩብራ እንኳ ከአልዩ አምባ ያን ሁሉ ዳገት ወጥታ ከአጠገቤ ተቀመጠች። «እትዬ ወለተሐና፣ ይህ በዓል የማን ነው?» ብትለኝ፣ «የሁላችንም ነው ተብሏል» አልኋት። ጥቂት አሰበችና፣ «የሁላችንም ከሆነ ታዲያ ማን ሊያርድ ነው?» አለችኝ።

፪. ማንም አላረደም። ፋሲካ ገና ማለፉ ስለነበር ሕዝቡ ቢላዋውን ስሎ፣ አንጀቱንም አላልቶ መጥቶ ነበር፤ ክቡርነትዎ ግን ለአገር ሁሉ ዳቦ፣ ማርና ብርዝ ብቻ አቀረቡ። አንዳንድ ምላሰኞች «የአገር ቀን ሳይሆን የጾም ቀን ነው» ሲሉ ሰምቼ ገሥጫቸዋለሁ። በሬ ቢታረድ ኖሮ ክርስቲያን ካረደው እስላሙ፣ እስላም ካረደው ክርስቲያኑ ከገበታው ይነሣ ነበር። ዳቦና ማር ግን ሃይማኖታቸውን የሚጠይቃቸው የለም። እኔና ኩብራ ከአንድ ገበታ ስንበላ ያ የመጀመሪያችን ነበር፤ ይህንም ያደረገልን የክቡርነትዎ ንፍገት፣ ማለቴ ጥበብ ነው።

፫. አሁን ወደ ልጄ ነገር ልምጣ። ክቡርነትዎ ብዙ ጉዳይ አለብዎና ምናልባት ረስተውት ይሆናል። ልጄ ወልደተንሣኤ የፈረጅን በቅሎ አሞሌ ጨው ጭኖ ሲነዳ፣ በአልዩ አምባ ቁልቁለት ላይ በቅሎዪቱ ተንሸራታ ገደል ገባች። ፈረጅ «አነዳዱ ነው» አለ፣ ልጄ «በቅሎዋ ናት» አለ፤ እንደ አገሩ ሕግም ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ዳኛ እስኪያያቸው ድረስ የልጄ ቀኝ እጅ ከፈረጅ ግራ እጅ ጋር በሰንሰለት ተቆራኘ። ሰንሰለቱ ከአንድ ክንድ ብዙም አይበልጥም። ዓርብ ፈረጅ ሲሰግድ ልጄም ሳይወድ አብሮ ይጎነበሳል፤ የአልዩ አምባ ሽማግሌዎች ትሕትናውን ያመሰግኑለታል። እሑድ ልጄ ቅዳሴ ሲቆም ፈረጅ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ውጭ ሆኖ እጁን ብቻ ወደ ውስጥ ይዘረጋል፤ አንድ የደከማቸው ቄስ ሊሳለም የመጣ መስሏቸው ያንን እጅ በመስቀል ባርከውታል። እስከ ሚያዝያ ድረስ ታዲያ አንዱ ሲበላ ሌላው ፊቱን እያዞረ ነበር የሚኖሩት።

በአገር ቀን ግን የሚያዞሩበት ምክንያት አልነበረም። ልጄ በግራ እጁ መብላት ነውር ሆነበት፣ ቀኙን ሲያነሣ ደግሞ የፈረጅን ብርዝ ደፋው፤ ሕዝቡ ሊጣሉ ነው ብሎ ሲጠብቅ፣ ፈረጅ ዳቦውን ቆርሶ በማር ነከረና፣ «ና ወዲህ፣ አንተ በቅሎ ገዳይ፣ አፍህን ክፈት» ብሎ አጎረሰው። ልጄም የጎረሰውን ሳይውጥ፣ «ጋሼ ፈረጅ፣ እውነቱን ለመናገር ጭነቱ በዝቶባት ነበር» አለ። ፈረጅም፣ «እሷም ብትሆን አንድ እግሯ ከዱሮም ያነክስ ነበር፤ ለማን ይነገራል ብዬ ነው» አለው። ኩብራና እኔ በአንድ ነጠላ ዓይናችንን ጠረግን። ዳኛ ሊጨርሰው ያልቻለውን፣ ማለቴ ያልጀመረውን ነገር፣ አንድ ቁራሽ ዳቦ ጨረሰው። እንግዲህ ከዚህ የሚበልጥ በዓል ከየት ይመጣል?

፬. ምሕረት። በዚያው ቀን ክቡርነትዎ እስረኞች ሁሉ ይፈቱ ብለው አዘዙ፤ የጎረቤቱን በሬዎች ነድቶ የሸጠው ሰው እንኳ እየዘፈነ ቤቱ ሲገባ አይቼ እልል ብያለሁ። ሁለቱ ታራቂዎችም ተሰልፈው ከአጋፋሪዎ ፊት ቀረቡ። አጋፋሪዎ፣ «እናንተ ምን አጥፍታችሁ ነው?» አላቸው። «ምንም። ታርቀናል» አሉት። «ምሕረት ለጥፋተኛ ነው! ሳይፈረድባችሁ ምን ብዬ ልማራችሁ?» «እንግዲያው ታርቀዋል ብለው ይፍቱን።» «ዕርቅ የሚጸድቀው ዳኛ ሲቀመጥ ነው፤ ዛሬ ደግሞ በዓል ነው፤ ሙግት ያነሣ ይቀጣል።» ፈረጅ ነጋዴ ነውና አፉ አያርፍም፤ «ጌታዬ፣ እኛ እኮ ሙግት ልናወርድ ነው የመጣነው» ቢለው፣ «ማንሣቱም ማውረዱም ሥራ ነው፤ ዞር በሉ!» ተባለ። በሬ ሰርቆ ቢሆን ኖሮ ልጄ ያን ቀን ከእኔ ጋር ባደረ።

፭. ከዚያ ወዲህ ክቡርነትዎ በበዓሉ እጅግ ደስ ተሰኝተው፣ ንጉሡም ይሰሙልኝ ብለው፣ እንደ ጻድቃኑ በዓል በየወሩ ይከበር አሉ፤ ዋዜማውንና ማግስቱንም ጨመሩበት። በመካከል ያሉትን ቀኖች የቀሩት ቅዱሳን ቀድመው ይዘዋቸዋል። ቅዱሳኑ ያልያዙት ጥቂት ቀን ቢገኝ ደግሞ ዳኛው ለበዓሉ የሚጋገረውን ዳቦ ሊቆጣጠር ይወጣል። ችሎቱ የሚቀመጥበት ድንጋይ ሣር በቅሎበታል።

፮. አሁን ሰኔ ገብቷል። ሁለቱ የእኔን ማሳ አርሰው ለመዝራት ሞክረዋል፤ ፈረጅ በዕድሜው ዕርፍ ጨብጦ አያውቅም፣ ልጄም በአንድ እጁ ማረስ አልለመደም፤ ትልሙ እንደ እባብ ሄዷል፣ መንገደኛውም «በሬው ሁለት፣ ገበሬው ሁለት፣ ጤፉ ግን የለም» ብሎ ያልፋል። ይህንስ እኔም ስቄበታለሁ። የማልስቅበት የልጄ የእጅ አንጓ ነው። ብረቱ ሥጋውን በልቶ ቁስሉ መሽተት ጀምሯል። መድኃኒት አዋቂው አይቶ፣ «ብረቱ ሳይወልቅ ብቀባው ለብረቱ መቀባት ነው፤ ክረምቱ እንዲህ ከያዘው እጁ ይቆረጣል» ብሎኛል። ፈረጅ ሰንሰለቱ እንዳይጎትተው ሲል ክንዱን ወደ እሱ ዘርግቶ ሳይገላበጥ ያድራል። ኩብራ ቅቤ ትልካለች፤ እኔ አጥባለሁ፤ ከዚህ በላይ ሁለት ሴቶች ምን እንችላለን? ብረት ቀጥቃጩን ለምኜው ነበር፤ «እትዬ፣ ያለ ዳኛ ቃል ብሰብረው በማግስቱ የምታሰረው እኔ ነኝ» አለኝ፤ እውነቱን ነው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ እንደ ሌሎች እናቶች ልጄ ንጹሕ ነው፣ ፍቱልኝ የሚል አይደለም። ንጽሕናው ምን እንደጠቀመው አይቻለሁ። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እባክዎ ልጄንና ፈረጅን ከመጪው የአገር ቀን ዋዜማ በፊት ጥፋተኛ ይበሉልኝ። የጥፋቱን ዓይነት ለጥበብዎ እተዋለሁ። ከቸገረዎ ግን ዳኛ ሳይፈቅድ መታረቃቸው፣ ሹም ያላዘዘውን ደስታ መደሰታቸው፣ ወይም በአደባባይ መጎራረሳቸው ሊበቃ ይችላል፤ ለሁሉም እኔና ኩብራ እንመሰክራለን። ከተፈረደባቸው በኋላ በበዓሉ ቀን ምሕረትዎ ያገኛቸዋል፤ ቀጥቃጩም መዶሻውን ያነሣል።

ማርዎ የማይጎድል፣ ነጋሪትዎ የማይላላ፣ ምሕረትዎም ጥፋተኛውን ሁሉ ፈልጎ የሚያገኝ ይሁን እያልሁ፣ ከደጅዎ አቧራ በታች ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣ ስለ አገሩ ደስታ ስትል ፊቷን እንዳታጠቁር የታዘዘችና እየሞከረች ያለች፣

ወለተሐና፣ የሟቹ መሪጌታ ገብረ ጻድቅ ባለቤት፤
ተጻፈ በአንኮበር፣ በወርኃ ሰኔ።

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ ይህን በሕዝብ ፊት ማስነበቤ ድፍረት ነው ብለው ሊቀጡኝ ቢያስቡ፣ ፍርዱን አልሸሽም፤ የኩብራ መኖሪያ ሩቅ ነውና ከእሷ ጋር ቢያቆራኙኝ ቅቤውን ከመላክ ያሳርፋታል። ብቻ ለእኔ ሲሉ ዳኛው አንድ ቀን ከተቀመጠ፣ ያን ቀን እግረ መንገዱን ሁለቱን ይያቸው። እኔ የሚቀጥለውን የአገር ቀን፣ የሚቀጥለውንም ለመጠበቅ ዕድሜ ይኖረኝ ይሆናል፤ የልጄ እጅ ግን የለውም።