ከጅዳ የመጣው የካርቶን እራት

ለውድ እህቴ ለሰብለ ወንጌል፣

እንዴት ከርመሻል? ራስሽን እንዴት ነሽ? ያ የወገብ ሕመምሽ ተሻለሽ ወይ? ሙቀቱ፣ ደረጃ መውጣት መውረዱ፣ የሰው ልጅ ማሳደጉ እንዴት አድርጎሻል? እንቅልፍስ ታገኛለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በቁማችን አለን። ባለቤቴ ይበልጣል ደህና ነው፣ ልጄ ጽጌሬዳም ትምህርቷን ይዛለች፣ እኔም በርበሬዬን እየቀነጠስሁ፣ ሽሮዬን እያስፈጨሁ አራዳ ካለችው መደቤ ላይ አለሁ። የእናታችንን ነገር ግን እንደ ልማዴ «እማሆይ ደህና ናት» ብዬ ላልፈው አልቻልሁም። ይህን ያስጻፈኝም እሱ ነው።

ስልክ እያለ ምነው ወረቀት አነሳች እንዳትዪ። ቤታችንን ታውቂዋለሽ፤ ከመጋረጃው ወዲያ እማሆይ፣ ከመጋረጃው ወዲህ እኛ፤ ጆሮዋ ደግሞ ከጉልበቷ ይሻላል። ቃልኪዳን ወደ ጅዳ ልትመለስ ስለሆነ በእጇ እሰጣታለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

በዚችው በቃልኪዳን እጅ የላክሽውን ካርቶን መቼም አትረሺውም፤ ሥዕሉ ላይ ቢጫ ሩዝ ከካሮትና ከአተር ጋር ያለበት። የደረሰን ሁዳዴ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ነው። በስልክ የጾም ነው፣ ሥጋ የለበትም፣ ውኃ አፍልቶ መጨመር ብቻ ነው፣ እኔም በጾም የምበላው እሱን ነው አልሽን። እማሆይ ሰማችሽ። ልጄ በአረብ ምድር ሆና ጾሟን አልጣለችም ብላ ሰው በመጣ ቁጥር ስታወራው ሰነበተች። እኔ ግን እውነቱን ልንገርሽና ቅር ብሎኝ ቁም ሳጥኑ ላይ ወረወርሁት። አንቺ ከሄድሽ ስምንት ዓመት ሙሉ እግሯን የማጥባትም የማጎርሳትም እኔ፣ ምርቃቱን ጠቅልሎ የሚወስደው ካርቶን። ቅናት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

በምኩራብ ሳምንት መብራት ጠፋና ወፍጮ ቤቱ ሦስት ቀን ተዘጋ። እንጀራ ከኛም ከጎረቤትም አለቀ። ሐሙስ ዕለት ከመደቤ ስመለስ ከአገልግሉ ውስጥ ፍርፋሪ እንኳ የለም። እማሆይ ጾሟን የምትፈታው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳትቀምስ ለዋለች ሴት ምን ልስጣት? ያን ጊዜ ካርቶንሽ ትዝ አለኝና ከሰል አያያዝሁ።

ከውስጡ በላስቲክ የታሰረ ሩዝና ከጣት የማትበልጥ የቅመም ከረጢት ወጣ። ይበልጣል ባዶውን ካርቶን እያገላበጠ፣ ሥዕሉ ለስድስት ሰው ይበቃል፣ ሩዙ ግን ለአንድ ድመትም አይደርስ፤ እማሆይ እርስዎ ውስጡን ይብሉ፣ እኛ ሥዕሉን እንቀራመታለን አላት። እሷም አንተ ድሮም የሚበላው ዓይንህ ነው አለችው። ቅመሙን ስጨምረው ሽታው እርድና ሽንኩርት መሰለኝ። ሃያ ዓመት በርበሬ ስደልዝ የኖርሁ ሴት ነኝ፣ ሰው ቅመም ገዝቶ ሲጠራጠር እኔን ነው የሚያስሸትተኝ። ያን ቀን አፍንጫዬ ከዳኝ።

እማሆይ ባርካ ቀመሰችና ሸጋ ነው አለች። ጾሙ ከገባ ወዲህ ከሦስት ጉርሻ በላይ ያላየሁባት ሴት ሳህኑን ጨረሰች። የሰብለ እጅ አለበት አለች። እኔ አንድ ማንኪያ ቀምሼ ለእሷ ተውሁላት። ጉንጯ ላይ ደም ሲመለስ አይቼ ቅናቴንም ረሳሁት፤ ከየትም ብዬ እንዲህ ያለውን ሩዝ እደግምላታለሁ አልሁ በልቤ።

በማግሥቱ ካርቶኑን ይዤ ወደ አያ ኑርሁሴን ሄድሁ። ከመደቤ ፊት ለፊት ጨርቅ የሚሸጠውን ታውቂዋለሽ፤ አረብኛ ያነባል። የአባታችን ተዝካር ላይ ለእነሱ ለብቻ በግ ገዝተን፣ በራሳቸው ሰው አርደው፣ በራሳቸው ድስት ሠርተው የበሉ ናቸው። እሱ ከኛ ቢላ አይበላም፣ እኛም ከእሱ አንበላም፤ ተከባብረን የኖርንበት ነው እንጂ ጠብ ሆኖ አያውቅም። እናቴ ወደደችው፣ ከየት ላገኝ እችላለሁ ብዬ ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ አነበበና ደግሞ እንደገና አነበበው። ለእማሆይ ነው ወይ አለኝ። አዎን ስለው፣ በይ ተዪው፣ ሽሮሽን ሥሪላት ብሎ መለሰልኝ። አልለቅህም አልሁት። ይህ ነገር በእኔ አፍ ባይነገር ደስ ባለኝ ነበር የትነበርሽ አለኝና ነገረኝ። ቅመሙ ውስጥ ደርቆ የተፈጨ የዶሮ ሥጋ አለበት። ማኅተሙም በእነሱ ሥርዓት የታረደ መሆኑን ነው የሚለው።

እንግዲህ አስቢው። በሁዳዴ፣ ቆብ ከጫነች አሥራ ሁለት ዓመት ሥጋ በአፏ ያልዞረ መነኩሲት፣ ያውም የኛ ሰው ያላረደውን። አምባ ጊዮርጊስ ላደግን ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ሌላ አይነግረንም።

ያላወቀ አይፈረድበትም ብዬ ዝም ልል ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ነጠላዋን ስታጥብ አገኘኋት፤ ለእሑድ ልትቆርብ ነው። ያን ጊዜ ዝምታው ከአቅሜ በላይ ሆነ። ነገርኋት። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችኝምም። እርጥቡን ነጠላ ጨምቃ መልሳ ሳፋው ውስጥ ከተተችውና፣ ሰብለ በጾም የምበላው እሱን ነው ያለችው አይደለም ወይ አለችኝ። ስለራሷ አንድም አልጠየቀች።

የነፍስ አባታችን መምሬ ቢያዝን፣ ባለማወቅ የተደረገ ነው ብለው ቀላል ቀኖና ሰጧት፤ እስከ ትንሣኤ በቀን አርባ ስግደት፣ ጉልበቷ እንቢ ካለም ቆማ እንድትጸልይ። እሷ የልጄንም ጨምሩልኝ አለች። የሰው ንስሐ በሰው አይፈጸምም፣ ስትመጣ ራሷ ትናገራለች አሏት። እሺ ብላ እጃቸውን ስማ ወጣችና፣ ቤት ገብታ ያንቺን በራሷ ቆርጣ ጀመረችው። ያንቺን ስምንት ሁዳዴ፣ ያን ሩዝ ስትበዪ የከረምሽበትን። መጀመሪያ የሷን አርባ ትሰግዳለች፣ ከዚያ ያንቺን ትቀጥላለች፤ ቁጥሩን አልነግርሽም። ሲሚንቶው ላይ ነው። ግንባሯ ቆስሏል፣ ጉልበቷ እንደ ቅል አብጧል። ሐኪም ቤት ብንወስዳት ግፊቷ ወጥቷል፣ ስግደቱ ይቅር፣ ምግብ ትብላ አሉን። ሐኪሙ የኔን ደም እንጂ የልጄን ነፍስ አልለካም አለችኝ። አሁን ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ይዛ ነው የምትነሣ። እንዲህ ከሆነች ለትንሣኤ የምትደርስ አይመስለኝም ሰብልዬ።

ከእጄም አትበላም። ተቆጥታ ቢሆን እችለው ነበር። ሽምብራ በቆርቆሮ ራሷ ትነክርና እሱን ስታላምጥ ታመሻለች። ሳህን ይዤ ስቆም፣ አንቺ ድካምሽ ይበቃሻል ልጄ ትለኛለች፣ በለሰለሰ ድምፅ። ሳህኑን ይዤ እመለሳለሁ።

ተቀይሜሻለሁ፣ አልደብቅሽም። አንዲት ቃል እመቤትሽን መጠየቅ እንዴት ያቅትሻል? ሥጋ በዓይን ካልታየ የለም ማለት ነው? ደግሞ መለስ ብዬ፣ የሰው ቤት ተቀምጣ፣ የተሰጣትን በልታ የምታድር ማንን ትጠይቅ እላለሁ። እኔስ ብሆን አያ ኑርሁሴን አሥር እርምጃ ላይ እያለ ምነው ሳልቀቅለው አልጠየቅሁ? ካንቺ ስለመጣ አመንሁት፣ ስለደከመኝ ደግሞ ማመኑ ቀለለኝ። ስምንት ዓመት ያልሰነፍሁ አንድ ቀን ብሰንፍ ይህ መጣ።

አሁን የምለምንሽን ስሚኝ። ለእማሆይ ደውዪና፣ ያን ሩዝ አንድም ቀን በልቼው አላውቅም በያት። እኔም የምበላው እሱን ነው ያልሁሽ ሳትጠራጠሪ እንድትበዪ ብዬ ነው በያት። ታዲያ በጾም ምን ትበያለሽ ብትልሽ ቴምርና ዳቦ በያት። ውሸት መሆኑን አውቃለሁ፣ ያውም በጾም፣ ያውም ለመነኩሲት። መምሬ ቢያዝንን ብጠይቃቸው አይሆንም እንደሚሉኝ ስለማውቅ አልጠየቅኋቸውም። ኃጢአቱ በኔ ይሁን። አንቺ ስትመጪ እውነቱን ለእሳቸው ትናገሪያለሽ። ለእሷ እውነቱን ልንገር ብለሽ ግን እንዳትጀምሪ፤ የስምንት ዓመት ጉልበት የላትም። ካርቶንም ከእንግዲህ አትላኪልን።

አብራሽ ላለችው ለዝማሬ እጅ ነሥቻለሁ በያት። የምታሳድጊያቸውን ሕፃናት ሳሚልኝ፣ እነሱ ምን ያውቃሉ። ይበልጣል ሰላም ብሎሻል፤ ከዚያ ወዲህ ማዕድ ላይ መቀለድ ትቷል። ጽጌሬዳ ናፍቆቷን አብዝታ ትልክልሻለች፣ ለፈተናዋ ጸልዪላት። አያ ኑርሁሴንም ሰላም በያት ብሎኛል፤ ጠዋት ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ስለ እማሆይ ይጠይቀኛል፣ እኔም ደህና ናት እለዋለሁ። እማሆይ ሰላም አላለችሽም፣ መጻፌን አታውቅም። ስትደውዪ እንዳትነቃብን ስለ ጉልበቷ አንቺ ቀድመሽ አትጠይቂያት።

እህትሽ የትነበርሽ
ጎንደር፣ አራዳ
መጋቢት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.