እዚህ ሁለቴ አይጠየቅም

ለምወድህ አባቴ፣

እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህስ? ብርዱ ሲገባ የሚጠዘጥዝህ ቀኙ ነበር፤ ዘንድሮ ግራውንም ጨምሮ እንደሆነ አትደብቀኝ። እማዬስ ደህና ናት? የአረጋውያኑ ቤት አሁንም ቅዳሜና እሁድ ሥራ ያስገባታል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ወፍራም ካልሲም አደርጋለሁ። መጠየቅህ ስለማይቀር አስቀድሜ መለስኩልህ።

በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ ርቀት ላይ ሆና ደብዳቤ የምትጽፍ ልጅ ምን ነካት እንደምትል አውቃለሁ። በስልክ ብነግርህ ገና ሳልጨርስ «ተይ እባክሽ» ትለኛለህ፤ ወረቀት ግን አያቋርጡትም። ደግሞም ጥፋቱ ያንተ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ አሜሪካ መጥተን ኦሮራ ስንገባ፣ እሁድ እሁድ ለአያትሽ ደብዳቤ ካልጻፍሽ ቴሌቪዥን የለም ብለህ ያሠለጠንከው እጅ ነው ዛሬ ወደ አንተ የዞረው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሴሚናሩ ነው። እዚህ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለአዲስ ተማሪዎች የተዘጋጁ ትንንሽ ሴሚናሮች አሉ። በሌላው ትምህርት ሦስት መቶ ሆነን መምህሩን ከሩቅ እናያለን፤ ሴሚናር ላይ ግን አሥራ ስድስት ተማሪ ብቻ አንድ ጠረጴዛ ከቦ ይወያያል። ለመግባት ማመልከት ያስፈልጋል። ሦስት መርጠህ በቅደም ተከተል ታስቀምጣለህ፤ ለእያንዳንዱም ለምን እንደፈለግከው አንድ አንድ አንቀጽ ትጽፋለህ። እኔ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ለወጉ ያህል ሞላሁ። የፈለግኩት አንዱን ብቻ ነበር፤ ከተማን በአንድ መንገዷ በኩል ማወቅን የሚያስተምረውን። መንገዱ ደግሞ ኮልፋክስ ነው፤ አንተ ስምንት ዓመት አውቶቡስ የነዳህበት ኮልፋክስ።

አንቀጹን ስጽፍ አልተጨነቅኩም። ሌላው ተማሪ ከመጽሐፍ ይጀምር ይሆናል፤ እኔ ከሹፌሩ በስተኋላ ካለችው ወንበር ጀመርኩ። ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር እዚያች ላይ አስቀምጠኸኝ ስንት ጊዜ ተመላልሰናል። ከሰፈራችን ከኦሪጅናል ኦሮራ ተነስተን ፓርክ ሂል ስንደርስ ዛፉ እንደሚበዛ፣ ስንመለስ ደግሞ ጥላው እየሳሳ ሄዶ ፌርማታ ላይ የቆመው ሰው ፀሐይዋን በእጁ እንደሚከልል ጻፍኩ። «ዛፉ ሲያልቅ ቤታችን ደረስን ማለት ነው» ትለኝ ነበር። እሱንም ጻፍኩት።

እንዲህ ተመክቼ ስጠብቅ ተጠባባቂ ሆንሽ የሚል መልስ መጣ። ለአንተና ለእማዬ «እየታየ ነው» ብዬ አለፍኩት፤ ይቅርታ። ትምህርት በተጀመረ በሳምንቱ ግን ፕሮፌሰሯ ቢሮዬ ነይ ብለው ጻፉልኝ። ሽበታም ቀጭን ሴትዮ ናቸው፤ የቢሯቸው ግድግዳ በካርታ ተሸፍኗል። ጽሑፍሽን ወድጄዋለሁ፣ አንድ ተማሪ ስለተወ ቦታ ተገኝቷል፣ ትፈልጊዋለሽ ወይ አሉኝ።

ምን ብዬ መለስኩ መሰለህ? አይ፣ ግድ የለም፣ ከእኔ የበለጠ የሚያስፈልገው ይኖራል፣ ለእሱ ይስጡት አልኳቸው።

አንተ ይህን ስታነብ ስህተቱ እንደማይታይህ አውቃለሁ። በደንብ ያደገች ልጅ የምትለውን ነው ያልኩት። እትዬ ብዙዬ ቤት ስንሄድ እንብላ ይሉናል፤ በልተን ነው የመጣነው እንላለን። በሞቴ ይላሉ፤ ኧረ ጠግበናል እንላለን። ይቆጣሉ፤ ያኔ ተነስተን እጃችንን እንታጠባለን። ጠግበን ሄደን ግን አናውቅም። እኔም ፕሮፌሰሯ በሞቴ እስኪሉኝ ድረስ ፈገግ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ደግ ልጅ ነሽ ብለው አመሰገኑኝና ወደ ኮምፒውተራቸው ዞሩ። አልተነሳሁም። ጥቂት ቆይተው ቀና አሉና ሌላ የምረዳሽ ነገር አለ ወይ አሉኝ።

ዶርም ገብቼ ለሔቨን ነገርኳት። አብራኝ የምትኖረዋ ናት፤ የሐበሻ ልጅ ብትሆንም እዚሁ ኦሮራ ነው የተወለደችው። አልጋዋ ላይ እየተንከባለለች ሳቀች። «ዌይት፣ ሲሪየስሊ ኖ አልሻት? ገርል፣ እዚህ ኖ ካልሽ ኖ ነው። ማንም ሁለቴ አስክ አያደርግሽም» አለችኝ። እኔ አለቀስኩ። በራሴ ተናድጄ ነው ያለቀስኩት። በጋውን ሙሉ የተመኘሁትን ነገር በገዛ አፌ ሰጥቼ ወጣሁ።

ግን ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ትል የለ? በማግስቱ ቢሮው ሳይከፈት በሩ ላይ ቆምኩ። ፕሮፌሰሯ ሲመጡ የትናንቱ «አይ» እውነተኛ «አይ» አልነበረም አልኳቸው። ታዲያ ምን ነበር አሉኝ። የእትዬ ብዙዬን ማዕድ ከእንብላው እስከ እጅ መታጠቡ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ከልባቸው ሳቁ። ቀጥሎ ግን ፊታቸው ተለወጠ፤ ቦታውን ትናንትናውኑ ለሌላ ተማሪ ሰጥተውታል፣ ልጁ መልስ እንዲሰጥ እስከ እኩለ ቀን ጊዜ አለው። ቃላቸውን እንዲያጥፉ አልለመንኳቸውም። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጥኩና እጠብቃለሁ አልኳቸው። ባዮሎጂ ፎረፍኩ፤ ለእማዬ እንዳትነግራት።

እኩለ ቀን ካለፈ ከአሥር ደቂቃ በኋላ በሩ ተከፈተ። ልጁ አልመለሰም። ፕሮፌሰሯ ኮስተር ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉና፣ እንግዲህ ይኸው ሁለተኛ ጠየቅኩሽ፣ ከዚህ በኋላ ስንት ይቀረኛል አሉኝ። ምንም አይቀርዎትም፣ እፈልገዋለሁ አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ልጅህን ብታያት አታውቃትም። ጠረጴዛው ላይ መጀመሪያ እጄን የማነሳው እኔ ነኝ። ስለ ኮልፋክስ ሲነሳ መጽሐፉን ገልጠው ሳይጨርሱ እኔ ፌርማታውን ቆጥሬ እጨርሳለሁ። የመጀመሪያ ጽሑፌን ፕሮፌሰሯ ለክፍሉ በሙሉ አነበቡት። ፈራሁ ብልህ ውሸት ይሆንብኛል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ግን ልኩራራብህ ብቻ አይደለም። ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ እዚህ የቤተሰብ ቀን ነበር፤ ታስታውሳለህ። ደወልኩልህና ትመጣለህ ወይ አልኩህ። እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ፣ ሥራም አለብኝ፣ አንቺ ተጫወቺ አልከኝ። እኔም እሺ ብዬ ዘጋሁት። ሰሞኑን ስልኬ ላይ ፈልጌ አየሁት፤ ያወራነው አርባ አንድ ሴኮንድ ነው። ያኔ ፕሮፌሰሯን ስለ በሞቴ ካስተማርኳቸው ወር እንኳን አልሞላኝም ነበር። እሺ ማለትን ተምሬያለሁ ብዬ ስኩራራ፣ አንዴ ብቻ ጠይቄ ወደ ኮምፒውተሬ የምዞር ሰው ሆኜ አረፍኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ሃቫና ስትሪት እትዬ ብዙዬ ሱቅ በርበሬ ልገዛ ገብቼ ነበር። ጉንጬን ስመው ሳይጨርሱ፣ ያ የትምህርት ቤታችሁ በዓል እንዴት ነበር አሉኝ። አባትሽ በጠዋት መጥቶ ሁለት ድፎ ዳቦ ወሰደ፣ አንዱ ለአስተማሪዎቿ ነው አለኝ፣ ደግሞ እንዴት አምሮበት ነበር አሉ። ጥሩ ነበር፣ አስተማሪዎቼም ዳቦውን ወደውታል አልኳቸው። ሌላ ምን ልበል፤ እኔ ያን ቀን አንተንም ዳቦውንም አላየሁም።

ከዚያ ለጋሼ ደምሰው ደወልኩ። የደወልኩበት ምክንያት ሌላ ነው፤ አንድ ቀን ፈረቃህን እንዲሸፍኑልህ ልለምናቸው ነበር። ምን ችግር አለው፣ ያን የቤተሰብ ቀን ያላችሁ ጊዜም የሠራሁለት እኔ ነኝ አሉኝ። አመሰገንኳቸው፤ ሌላ ምንም አልጠየቅኳቸውም። አንተንም አልጠይቅህም። እማዬ ሥራ ላይ ስለነበረች እሷም የምታውቅ አይመስለኝም። ያን ቀን አንድ ጊዜ እንኳን መልሼ አለመደወሌን ግን እኔ አውቃለሁ፤ ይቅር በለኝ አባዬ።

እንግዲህ ስማኝ። ሐሙስ ዲሴምበር አራት፣ ከምሳ በኋላ፣ የሴሚናሩ የመጨረሻ ቀን ነው። አሥራ ስድስታችንም ሥራችንን እናቀርባለን፤ እያንዳንዳችን አንድ እንግዳ መጋበዝ እንችላለን። የእኔ ሥራ ከኦሪጅናል ኦሮራ እስከ ፓርክ ሂል ያለው መንገድ ነው፤ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው «ሹፌሩ» የምለው ሰው አለበት። ፕሮፌሰሯ ሹፌሩን ማየት እፈልጋለሁ ብለዋል። ስምህን ሳላስፈቅድህ የእንግዶች ዝርዝር ላይ ጽፌዋለሁ። ጋሼ ደምሰው ፈረቃህን ይዘውታል። ስለ መንገዱ የተሳሳትኩት ነገር ካለ እዚያው ሰው ፊት አርመኝ፤ አላፍርም።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ሴፕቴምበር ላይ ጠይቄሃለሁ። ሁለተኛው ይኸው፦ እባክህ ና። ምን እሠራለሁ፣ እንግሊዝኛዬ፣ ጫማዬ፣ እያልክ መሆኑ ከዚህ ድረስ ይሰማኛል፤ በልተን ነው የመጣነው እንደማለት ነውና አልሰማህም። ሦስተኛውም ይኸው፦ በሞቴ ና። አሁን በወጉ ተለምነሃል፤ የሚቀረው እጅ መታጠብ ነው።

እማዬን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳምልኝ። እግዚአብሔር ጉልበትህን ያጽናልህ፣ በረዶ ከጎማህ ሥር ይራቅ፣ የጫንከውን ሰው ሁሉ በሰላም አድርስ። እኔን ደግሞ እንደ ድሮው መርቀኝ።

ከሹፌሩ በስተኋላ የምትቀመጠው ልጅህ

ልረሳው ነበር፦ ዳቦውን በዚህኛው ጊዜ እኔ እገዛለሁ። እትዬ ብዙዬ ሰማያዊው ክራቫት በጣም ተስማምቶት ነበር ብለዋል። እሱኑ እሰር።