ሜልቦርን ላይ «እንብላ» ያልኳቸው ሰው

ሜልቦርን
ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ አባቴ ለአቶ ደበላ፣

እንዴት ነህ አባዬ? ጉልበትህ እንዴት ይዞሃል? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ብቻ ብል ውሸት ይሆናል፤ ደስታው እንቅልፍ ነስቶኛል። እግሬ አብጧል፣ አፍንጫዬ በፀሐይ ተልጧል፣ ሻንጣዬም ካሁኑ አልዘጋ ብሏል።

ይህን ደብዳቤ ይዞልህ የሚመጣው አስራት የሚባል እዚህ የተዋወቅኩት ልጅ ነው። ነገ ማታ ወደ አዲስ አበባ ይበራል፤ የእኔ በረራ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ነው። በስልክ እንዳልነግርህ፣ እኛ አባትና ልጅ «ይሰማሃል?» «አይሰማም» ስንባባል ነው ጊዜው የሚያልቀው። የምነግርህ ነገር ደግሞ መሃል ላይ እንዲቆረጥ አልፈልግም።

ልነሳ ስል የጠየቅከኝን አልረሳሁትም። ሻንጣዬን እየዘጋህልኝ፣ ፊትህን ወደ ዚፑ አድርገህ፣ «ከእታለም ጋር አንድ ላይ ብንኖር ምን ይመስልሻል?» አልከኝ። እማዬ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት። እትዬ እታለም ደግሞ ባንተ አውቶቡስ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቲኬት ሲቆርጡ የኖሩ፣ እኔንም በልጅነቴ ከሾፌሩ ኋላ አስቀምጠው ከረሜላ ይሰጡኝ የነበሩ ሰው ናቸው። ክፉ ነገር ላገኝባቸው ብፈልግ እንኳ አላገኝም። ሆኖም «ስመለስ እናወራለን» አልኩህ። አንተም «አስቢበት» ብለህ ሻንጣውን ወደ በሩ ጎተትከው። መልሴ እዚሁ ደብዳቤ ውስጥ አለ፤ ግን ዘለህ እንዳትፈልገው። እንዴት እንደደረስኩበት ካላወቅክ አይጥምህም።

መጀመሪያ ስለ ሥራው ትንሽ ልበልህ። ፋብሪካችን የገዛው፣ እኔም ልሠለጥንበት የመጣሁት የዱቄት መመርመሪያ ማሽን ጎበዝ ነው። ሊጡን እየጎተተ የትኛው ዱቄት ጥሩ ዳቦ እንደሚወጣው ይናገራል። አሠልጣኜ ግራንት የሚባል ትዕግሥተኛ ሰው ነው። ሐሙስ ማታ እሱና ጓደኞቹ ራት ጋበዙኝና የምግብ ዝርዝሩ ላይ ካንጋሩ አገኘሁ። መቼም እኔን ታውቀኛለህ፣ «ያመሰኳል ወይ? ሰኮናው ስንጥቅ ነው ወይ?» ብዬ ጠየቅኩ። ግራንት አስተናጋጁን ጠየቀ፣ አስተናጋጁ ወጥ ቤት ገባ፣ ምግብ አብሳዩ እጁን እየጠረገ ወጥቶ ስለ ካንጋሩ እግር ረጅም ማብራሪያ ሰጠን። ሰኮና የሚባል ነገር የለውም፤ ጥፍር ነው ያለው። አሳ በላሁ። ጠረጴዛው ላይ ከነበሩት ውስጥ ግን ከዚያ በኋላ ካንጋሩ የደፈረ የለም።

ዓርብ ከሰዓት ግራንት ማሽኑን ሸፈነና «በይ ረቡዕ እንገናኝ» አለኝ። ምነው ብለው፣ ማክሰኞ የፈረስ እሽቅድምድም ስላለ በዓል ነው አለ። ሰኞም አብራ ቀረች። አባዬ፣ ለፈረስ እኮ ነው። የእኛ ፋብሪካ ለመድኃኔዓለም ንግሥ እንኳ አይዘጋም። እንግዲህ ከተማውና እኔ፣ ማንም የማይጠራኝ፣ ማንም የማይፈልገኝ፣ እንደ ልቤ ልሆን ተፋጠጥን።

ቅዳሜ በጠዋት ትልቁ ገበያ ሄድኩ። አንድ መኪና ላይ የሚጠበስ፣ ውስጡ ማርማላታ ያለበት ትኩስ ቦምቦሊኖ ይሸጣሉ፤ ሰው ተሰልፎ ነው የሚገዛው። ስገምጠው ማርማላታው ሸሚዜ ላይ ፈሰሰ፤ ምላሴም ተቃጠለ፤ ተመልሼ ተሰለፍኩ። ከዚያ ካርልተን ወደሚባለው ሰፈር በእግሬ ወጣሁ። መንገዱ ግራና ቀኝ የጣሊያን ምግብ ቤት ነው፤ ጠረጴዛዎቹ ደጅ ላይ ናቸው። አንዱ ጋ ተቀመጥኩና ፓስታ አዘዝኩ። ሲመጣ ለሦስት ሰው የሚበቃ ነው።

አጠገቤ ያለው ጠረጴዛ ላይ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ጋዜጣ የሚያነቡ፣ የእኛው ሰው የሚመስሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሹካዬን ሳነሳ ዓይን ለዓይን ተጋጨንና አፌ ራሱ «እንብላ» አለ። እንዲቀመጡ ብዬ አይደለም፤ እኛ አገር ማን በዚያ ይቀመጣል? «ብይ፣ ይስማማሽ» ይሉኛል ብዬ ነበር። ሰውዬው ጋዜጣቸውን አጠፉ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ወንበራቸውን አንስተው መጡና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«በይ እንብላ» አሉ።

ደንግጬ ሹካ አስመጣሁላቸው። ሁለት ጉርሻ ያህል ከበሉ በኋላ ሳቁ። «አትቀየሚኝ ልጄ» አሉ፤ «እዚህ አገር ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖርኩ። ከጎን ጠረጴዛ እንብላ ያለኝ ሰው የለም። ዛሬ ካለፍኩት መልሼ የት አገኘዋለሁ?» እሳቸውም በተራቸው ሌላ ሰሃን አዘዙና «አሁን ደግሞ የእኔን ብይ» አሉኝ።

ጋሽ ወልደአማኑኤል ይባላሉ። በሱዳን በኩል በስደት መጥተው እዚህ ጡረታ እስኪወጡ የትራም ሾፌር ነበሩ። አባቴ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር ስላቸው እንዴት እንደተደሰቱ። ያን ቀን ከሰዓት ከተማውን በሚዞረው አሮጌ፣ ነፃ ትራም ላይ አስቀመጡኝ። አባዬ፣ ትራም መሪ የለውም፤ ታምነዋለህ? ጥሩምባም የለውም፤ ሾፌሩ በእግሩ የሚረግጠው ደወል ነው ያለው። ጋሽ ወልደአማኑኤል ቆመው እያንዳንዱን ኩርባ ቀድመው ይነግሩኛል፣ ወንዙን፣ ባቡር ጣቢያውን፣ ቤተ መጻሕፍቱ ደጅ ላይ ሰው የሚያህል ቼዝ የሚጫወቱትን ያሳዩኛል። «አባትሽ ግን ይበልጠኛል» አሉኝ፤ «እሱ እየጠመዘዘ ነው የነዳው፤ እኔን ሐዲዱ ነው የወሰደኝ።» ይህን እንድነግርህ አደራ ብለውኛል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው ወሰዱኝ። ፍሌሚንግተን የሚባል ሰፈር ነው፤ ረጃጅም የመንግሥት ሕንጻዎች አሉበት፤ ከሐበሻ ጀምሮ የማይኖርበት ሰው የለም። ከላይ ሆነህ በመስኮቱ ስታይ የፈረሶቹ ሜዳ አረንጓዴ ሆኖ ተዘርግቷል። ባለቤታቸው እትዬ ዓለምጸሐይ ዝልዝል ጥብስና ቆስጣ ሠርተው ጠበቁን፤ መዳፌ እስኪወዛ በላሁ። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የአንዲት ቆንጆ ሴት ፎቶ ተሰቅሏል። «እህትዎ ናቸው?» ብላቸው እትዬ ዓለምጸሐይ «የሱ ባለቤት የነበረች ናት፤ የልጁ እናት። ነፍሷን ይማረው» አሉና መስታወቱን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉት።

ምግቡ ሳይነሳ ሁለት ሕፃናት በሊፍት ብቻቸውን መጡ፤ የጋሽ ወልደአማኑኤል የልጅ ልጆች ናቸው። ትልቋ ማሂ በጨርቅ የተሸፈነ ሰሃን ይዛለች። እናታቸው የላከችው ኬክ ነው። በአማርኛ ሳዋራት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። «እናትሽስ?» አልኳት።

«ካር ውስጥ» አለች።

እትዬ ዓለምጸሐይ ኬኩን ገልብጠው ሰሃኑን አጠቡ፣ ጥብሱን ሞሉበት፣ አሸጉት። ጋሽ ወልደአማኑኤል መስኮቱ ጋ ሄደው ወደ ታች አዩ። እኔም አየሁ፤ አንዲት ነጭ መኪና፣ ጣሪያዋ ብቻ ይታያል። ወጥ ቤት ውስጥ እትዬ ዓለምጸሐይ ቀስ ብለው እንደነገሩኝ፣ ከተጋቡ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል፤ የባላቸው ልጅ ሳምሪ በየእሑዱ ከዋይንድሃም ቬል ድረስ ልጆቹን ታመጣለች፤ አንድም ቀን ግን ወደ ላይ ወጥታ አታውቅም።

ዝናብ ጀመረና «ሳምሪ ታድርስሽ» ተባለ። ከልጆቹ ጋር ወረድኩ። ሳምሪ በእኔ ዕድሜ ያለች ነርስ ናት፤ ፊቷ ቁርጥ ግድግዳው ላይ ያለችው ሴት። ሆቴሌን ጠየቀችኝ፣ ቀበቶዬን እንዳስር ነገረችኝ፣ መጀመሪያው ቀይ መብራት ላይ ሰሃኑን ከፍታ በእጇ መብላት ጀመረች።

«እጇ ይጣፍጣል» አለች። «አንድም ቀን ነግሬያት አላውቅም።»

አፌ አይታገስም፣ «ታዲያ ለምን አትወጪም?» አልኳት።

«ሰው የተጣላን ይመስለዋል። አልተጣላንም። አባቴ ሊያገባ ሲያስብ ደውሎ ጠየቀኝ። ሺፍት ላይ ነበርኩ፤ ላስብበትና ኮል አደርግልሃለሁ አልኩት። አላደረግኩም። ተናድጄ አይደለም፤ ምን እንደምል ጠፋኝ። መልሶ ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ደግሞ ዝም ስል የተቀየምኩ መሰለው። በጸጥታ ቤተክርስቲያን ሄደው ተጋቡ። አሁን ምን ብዬ ልውጣ? እንኳን ደስ አላችሁ እንዳልል ዓመታት አልፈዋል።»

«ማክሰኞ ፈረሶቹን ለማየት ስመጣ አብረን እንውጣ» አልኳት።

«አንቺ እንግዳ ነሽ» አለችኝ፤ «ላንቺ ይቀልሻል።» መብራቱ ተቀየረና ነዳች።

ሆቴል ገብቼ አልጋው ላይ ጫማዬን ሳላወልቅ ተቀመጥኩ። አባዬ፣ አንተም ሁለቴ የምትጠይቅ ሰው አይደለህም። ስመለስ ዝም ካልኩ አንተም ዝም ትላለህ። ለእትዬ እታለም አንዲት ቃል ሳትተነፍስላቸው እሳቸው ጋ ሻይህን ጠጥተህ ትመለስና ነገሩ በዚያው ይቀራል። እኔም ዝምታዬን እንደ መልካም ጠባይ ቆጥሬ እኖራለሁ። ፈራሁ።

ሰኞ ግን ፍርሃቱን ለአንድ ቀን ያስረሳኝ ነገር አየሁ፤ ባሕር። ጋሽ ወልደአማኑኤልና እትዬ ዓለምጸሐይ በትራም ይዘውኝ ወረዱ። እኔ ያየሁት ሐዋሳንና ላንጋኖን ነው፤ እነሱ ማዶ አላቸው። ይኼኛው ማዶ የለውም። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ፤ ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት፤ እውነትም ጨው ነው። እትዬ ዓለምጸሐይ ጫማዬን ታቅፈው «ጉንፋን ይይዝሻል» እያሉ ይጮሃሉ። ከዚያ በወረቀት የተጠቀለለ አሳና ድንች ጥብስ ገዝተን ድንጋይ ላይ ተቀምጠን በላን። አንድ ነጭ ወፍ ከጋሽ ወልደአማኑኤል እጅ ላይ ድንቹን ነጥቆ በረረ። እሳቸው ተናደው ባርኔጣቸውን ሲያወዛውዙበት ሚስታቸው እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ፤ እሳቸውም ይህን ሲያዩ መናደዱን ተዉት። እንዲህ ያለ ሳቅ ቤታችን ውስጥ ከሰማሁ ቆይቷል አባዬ። አንተን አሰብኩህ።

ዛሬ የፈረሶቹ ቀን ነው። ሴቶቹ ላባና አበባ የተሰካበት ባርኔጣ አድርገው፣ በዚያ ተረከዝ ባቡር ሲሳፈሩ ብታይ። እነ ጋሽ ወልደአማኑኤል ቤት ሆነን በቴሌቪዥን አየነው፤ ሻይ ተቀድቶ ሳይደርስ ሩጫው አለቀ። የሕዝቡ ጩኸት ግን በመስኮቱ ገባ። የትኛው ፈረስ እንዳሸነፈ አልገባኝም፤ እልል ብያለሁ። ነጯ መኪና አልመጣችም። እትዬ ዓለምጸሐይ ለእሑድ ምን እንደሚሠሩ ሲያማክሩኝ ነበር፤ ሳምሪ አሳ ትወዳለች መሰለኝ አሉ፤ እርግጠኛ አይደሉም።

እንግዲህ መልሴ ይኸው። እሺ አባዬ። ተጋቡ፤ አብራችሁ ኑሩ፤ እኔ እስክመለስም አትጠብቁ። ቅር የሚለኝ ነገር የለም ብል ግን ዋሾ እሆናለሁ። የእማዬን ቁም ሳጥን ሌላ ሰው ሲከፍተው ሳስብ ሆዴ ይባባል። መጀመሪያ ሰሞን ኩርፊያ ቢጤ ታይብኝ ይሆናል፤ እንዳላየ ሆነህ እለፈኝ። እኔ ማታ ፋብሪካ ተረኛ ስሆን አንተ ከዜና አንባቢው ጋር ብቻህን ራት ስትበላ ማሰቡ ግን ይብስብኛል።

ቦሌ ልትቀበለኝ ስትመጣ ብቻህን አትምጣ። እሳቸው ከፊት ይቀመጡ፤ እኔ ከኋላ ከሻንጣዬ ጋር እሆናለሁ።

ይህን ደብዳቤ አንብበህ ኪስህ እንዳትከተው። አሁኑኑ ተነስተህ ውሰድላቸውና ራሳቸው ያንብቡት።

እትዬ እታለም፣ እዚህ ድረስ ካነበቡ ለእርስዎም የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎት። አንድ ነገር ልንገርዎት፤ አባዬ የደም ግፊት ክኒኑን ጠዋት ጠዋት ዋጥኩ ይላል፤ አይውጥም። ከሶፋው ትራስ ሥር ነው የሚደብቀው። እኔ ብነግረው አልሰማኝም። እርስዎን ይሰማል።

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር በጤና ያቆይልኝ።

ላሊሴ