የሐራችን ቀይ በሰው ኮምፒውተር ላይ

ይድረስ ለምወድህ ለታላቅ ወንድሜ ለኢልሆም አካ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? የሰው አገር፣ የሳማራ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ ተሻለህ? የሚበላ አብስሎ የሚሰጥህ ሰው አለ ወይስ በዳቦና በሻይ ነው የምትውለው? እኛ ሁላችን ደህና ነን፤ ያስቸገረን ናፍቆትህ ብቻ ነው።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለም። አልማቲ ያለችው ባለሱቅ «ድረ ገጻችሁ ላይ ያየሁት ቀይ ይህ አይደለም» ብላ አንተ የነከርከውን ሐር የመለሰችብን ጊዜ አባባ ያለህን አትረሳውም። «የማቅለሚያውን ጋን ከልክ በላይ አፍልተህ ቀለሙን ገደልከው፤ የሠላሳ ዓመት ስሜን በአንድ ቀን አጠፋህብኝ» አለህ፤ አንተም ሻንጣህን አንጠልጥለህ ወጣህ። ኢልሆም አካ፣ ጥፋቱ ያንተ አልነበረም። የኔ ነው።

የቤታችን ኮምፒውተር ስክሪኑ አርጅቶ ደብዝዟል። ድረ ገጹን ስሠራ ጨርቁን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ከፎቶው ጋር ሳስተያየው ፎቶው ፈዘዘብኝ። ስለዚህ ጨርቁን እስኪመስል ድረስ ቀዩን ጨመርኩበት። እኛ ቤት ልክ መጣ፤ ደህና ስክሪን ያለው ሰው ዘንድ ግን እንደ እሳት ነደደ። እያንዳንዱ ስክሪን የየራሱ ብርሃንና ቀለም እንዳለው አላሰብኩም፤ ደካማ ዓይን ይዤ ለዓለም ሁሉ ፈረድኩ።

ይህን ያወቅሁት ባለፈው ወር በማስተምርበት ትምህርት ቤት ገጹን ስከፍተው ነው። ስክሪኑ ጠባብ ስለሆነ ርእሱ ለሁለት ተሰብሯል፤ እኔ የመረጥኩት የፊደል ቅርጽ እዚያ ስለሌለ ኮምፒውተሩ የራሱን ተክቶበታል፤ ቀዩማ በርበሬ ሆኗል። ለአባባ ብነግረው «ቀለም ከቤት ቤት ይለዋወጣል እንዴ?» ብሎ ተቆጣኝ። እኔም መቼ ለቅቄው፤ ጨርቁን ትከሻው ላይ አሸክሜ ትምህርት ቤት፣ ኢንተርኔት ቤትና ፋርማሲ አዞርኩት። አንዱ ጋ ብርቱካን፣ አንዱ ጋ ጽጌረዳ መሰለ። ፋርማሲ ስንደርስ አባባ ለመድኃኒት ሻጯ «ልጄ፣ ይሄ ዕቃሽ ጉንፋን ይዞታል መሰለኝ፤ ለሱም አንድ ክኒን ስጪው» አላት።

አሁን ፎቶውን እንደተነሳ መልሼዋለሁ፤ ፊደሉንም በየኮምፒውተሩ በሚገኘው ቀይሬዋለሁ። ከሥሩም «ቀለሙ እንደ ስክሪናችሁ ሊለያይ ይችላል» ብዬ ጻፍኩ። ከእንግዲህ በሦስት ስክሪን ሳላይ ምንም አላወጣም፤ በዚህ እመነኝ። ለባለሱቋም ያንኑ የመለሰችውን ሐር ምንም ሳንነካው መልሰን ላክንላት። «አሁን ገና በደንብ ነከራችሁት» ብላ ጻፈች። አባባ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ያን ማታ ግን ራት አልበላም።

እማማ ግንባርህን ትስምልሃለች፤ የሱፍ ካልሲ እየሠራችልህ ነው። አያታችን ዱዓዋ ካንተ ጋር ነው፤ ትንሿ እህታችን ሙሃይዮም የፊት ጥርሷ መውለቁን ንገሪልኝ ብላለች። አባባ በቃሉ ሰላምታ አልላከም። ትናንት ጠዋት ብቻውን ከነከረው ሐር ጫፉን ቆርጦ ሰጠኝና፣ «ደብዳቤው ውስጥ ክተቺለት። ውጭ ወጥቶ በቀን ብርሃን ይየው። ቀይ ሆኗል አልሆነም፣ እሱ ይፍረድ» አለኝ። ቀለሙን ለሰው ፍርድ ሲሰጥ በዕድሜዬ ያየሁት ገና አሁን ነው።

እህትህ ማስቱራ
ማርጊላን፣ ማርች 9 ቀን 2006