ሮቤል፣ ማሽንህ አልሞተም

ልጄ ሮቤል፣ የኔ አባት፣

ከተለየኸኝ አንድ ዓመት ከሦስት ሳምንት ሆነ። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ያለህበት እንደማያስከፋ አምናለሁ። እኔን ከጠየቅከኝ ግን ተናድጃለሁ። ሳለቅስ ሰው ሁሉ ያቅፈኛል፤ ስናደድ ፓስተሩን ይጠሩብኛል። ስለዚህ ንዴቴን ላንተ ልጻፈው፤ አንተ አትደነግጥም።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ከተማችን ኧርቪንግ ያው ናት፤ አውሮፕላኖቹ አሁንም ጣሪያችንን ሊነኩ ምንም አይቀራቸው። በራችን ላይ የነበረችው ዛፍ በሙቀቱ ደረቀችና ቆረጧት፤ አሁን ፀሐዩ በቀጥታ ሳሎን ይገባል። ሆቴሉ የላውንደሪው ሱፐርቫይዘር አድርጎኛል። ያ ስትከራከሩበት የነበረው ምርጫም አለቀ፤ ጥቁሩ ሰው አሸነፈ። አጎትህ መኮንን "አሜሪካኖች እሱን ከመረጡ ሪዜን እላጫለሁ" ብሎህ ነበር። ረስቶታል፤ ወይም የረሳ መስሏል። እኔ አልረሳሁም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

ጓደኛህ ኤሪክ ዕቃህን ትኖርበት ከነበረው ሚኒሶታ በካርቶን ሲልክልኝ ያ ዓሣ ማሳያ ማሽንህም አብሮ መጣ። ጃኬቶችህንና ቦት ጫማህን ቪከሪ ሜዶ ሰፈር አዲስ ለገቡ ቤተሰቦች ሰጠሁ። ማሽኑን ግን አልጋህ ላይ አስቀመጥኩት። ጣጣው ያኔ ጀመረ። ቤት የመጣ ሁሉ ያየውና ፊቱን ያዞራል። አንዷ እንዲያውም ሻይዬን እየጠጣች፣ "ልጅሽን የበላውን ዕቃ እንዴት ቤትሽ ታኖሪያለሽ?" አለችኝ።

አንተን የገደለህ መንገድ ነው። ዓሣ ከምታጠምድበት ሐይቅ በደህና ወጥተህ፣ ዕቃህን ጭነህ ወደ ቤትህ ስትመለስ ነው ያ የጭነት መኪና ተንሸራቶ የመጣብህ። እዚህ ሃይዌይ ላይም ሰው ወደ ሥራው ሲሄድ ይሞታል። ሥራን የሚረግም ግን አላየሁም። ያንተን ዓሣ ማጥመድ የሚረግሙት ትደሰትበት ስለነበር ነው። እኔ ደስታህን አልረግምም።

ሙት ዓመትህ ሲደርስ ሁሉም አዳራሽ ይዤ ምሳ እንዳበላ ጠበቁ። እኔ ግን ሚኒሶታ ሄጄ፣ በረዶው ላይ ተቀምጬ፣ በልጄ ማሽን ዓሣ አያለሁ አልኩ። መኮንን ሦስት ቀን አኮረፈኝ። በአራተኛው ቀን መጣና፣ "ብቻሽን አትሄጂም፤ እኔም እመጣለሁ። ግን አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ። ማሽኑ እዚያ ካልሠራ እዚያው ጥለነው እንመጣለን። ሁለተኛ እዚህ ቤት አይገባም" አለኝ።

"ከሠራስ?" አልኩት።

"ከሠራ አፌን ዘጋሁ።"

እሺ አልኩት። ሲወጣ ግን ፈራሁ። ካንተ ወዲህ ማሽኑን ማንም አብርቶት አያውቅም።

ትዝ ይልሃል መጀመሪያ ከሐይቁ ላይ የደወልክልኝ ቀን? "እማዬ፣ ውሃ ላይ ቆሜያለሁ!" ስትለኝ የያዝኩትን አንሶላ ጣልኩት። አንተ ሳቅህና በተሰባበረው አማርኛህ አስረዳኸኝ። ሐይቁ በብርዱ ወራት ረግቶ በረዶ ይሆናል፤ በረዶውን ትበሱታላችሁ፤ ማሽኑ በቀዳዳው በኩል ድምፅ ወደ ታች ይልካል፤ ድምፁ የሐይቁን ወለል ወይም ዓሣ ነክቶ ሲመለስ በሰዓት መልክ የተሠራው ክብ ነገር ላይ መብራት ይበራል። በገመድ ተንጠልጥላ ውሃ የምትገባዋን ጥቁር ነገር "አፉም ጆሮውም እሷ ናት" አልከኝ። ከዚያ ወዲህ ጆሮ ነው የምላት።

ከመሄዳችን በፊት ማሽኑን አሰናዳሁት። አቧራውን ጠረግሁ። ገመዱ እንዳይሰነጠቅ፣ ጆሮውም በብርዱ እንዳይነቃ ቫዝሊን ቀባኋቸው። ኤሪክ በስልክ "ባትሪ አትያዢ፣ እኔ አዲስ አለኝ" ስላለኝ ማሽኑን ብቻ በሹራብ ጠቅልዬ እቅፌ ውስጥ ይዤው በረርኩ።

ኤሪክ ያው እንደነገርከኝ ነው፤ ትልቅ፣ ጺማም፣ ዝምተኛ። እኔን ሲያይ "እማዬ" አለኝ። ካንተ የሰማት ቃል ይህች ብቻ ናት፤ ስሜ መስሎት ይሆናል። በረዶው ላይ በመኪና ሲገባ መኮንን የበሩን እጀታ በሁለት እጁ ይዞ መዝሙረ ዳዊት ጀመረ። ኤሪክ ድንኳኑን ተከለ፣ ሁለት ቀዳዳ በሳ፣ አንዱን ለራሱ አንዱን ለእኔ። ባትሪውን አገናኘ፣ ጆሮውን ወደ ውሃው አወረደ፣ ማብሪያውን ተጫነ።

ማሽኑ አጉረመረመ። ከላይ አንዲት መስመር በራች። ከዚያ ሌላ ምንም የለም። የሐይቁ ወለል የለም፤ ኤሪክ ያወረደልኝ መንጠቆም የለም።

"ወለል አያሳይም" አለ ኤሪክ።

ተርጉሜ ስነግረው መኮንን ከወንበሩ ተነሣ። "ወለል የለውም ማለት ነው? በሉ እኔ ልውጣ!"

ኤሪክ ባትሪውን ጠረጠረና ከራሱ ማሽን ባትሪ ጋር አቀያየረው፤ ያው። ፊውዙን አውጥቶ በብርሃን አየ፤ ደህና ነው። የእሱ ማሽን ድምፅ እየረበሸው እንደሆነ ብሎ የራሱን አጠፋ፤ ያው። ቀዳዳው ላይ የተንሳፈፈውን የበረዶ ቅንጣት በጭልፋ አወጣ። ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው አዞረው፤ ክቡ በሙሉ በመብራት ተንጫጫና መልሶ ባዶ ሆነ። ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሰው። ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ኤሪክ መጨረሻ ላይ ጓንቱን አጠለቀና ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ያንተን መርዶ ሲነግሩኝም ፓስተሩ እንዲሁ ነው የነካኝ።

መኮንን በክፋት አልነበረም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው። "በቃ እህቴ። ማሽንም ይሞታል። ኦኬ? ቃል ገብተሻል።"

"አልሞተም" አልኩ።

"በምን ታውቂያለሽ?"

በምንም አላውቅም ነበር፤ እንዲያው እልህ ነው። ጆሮውን ራሴ በገመዱ ስቤ አወጣሁት። በመዳፌ ይዤ ሳየው ውሃው አልወረደም፤ እንደ ዶቃ፣ እንደ ዶቃ ሆኖ ላዩ ላይ ቁጭ አለ። በዶቃዎቹ መሀል ደግሞ ትናንሽ የአየር አረፋ ተጣብቋል። ሮቤልዬ፣ እኔ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው ዕቃና አንሶላ ሳጥብ። ውሃ እንዲህ ዶቃ ሠርቶ የሚቆመው ቅባት ላይ ነው።

ያኔ ገባኝ። ማሽኑን ያደነቆርኩት እኔ ነኝ።

ዘጠኝ ዓመትህ ነበር እዚህ ስንመጣ። በመጀመሪያው ብርድ ፊትህንና እግርህን ቫዝሊን ለቅልቄ አውቶቡስ ፌርማታ ላክሁህ። በመስኮት አየሁህ፤ ማንም እንዳያይህ ዞር ብለህ ፊትህን በእጅጌህ ጠረግህ። ልጆቹ ሳይስቁብህ አልቀሩም። በማግስቱም ቀባሁህ፤ በማግስቱም ጠረግህ። አንተም አልነገርከኝም፣ እኔም አየሁህ አላልኩህም። ሁለታችንም እስከ ሃይስኩል ችለነው ኖርን።

ለኤሪክ "ሳሙና አለህ?" አልኩት። ከዕቃው መሀል ለእጁ የሚይዘውን የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ አወጣልኝ። ከቴርሞሱ ለብ ያለ ውሃ አፈሰስኩ፣ ጆሮውን አጠብኩ፣ በእጅጌዬ ጠረግሁ። ደጋግሜ ጠረግሁት። ውሃ ሳፈስበት አሁን ዶቃ አልሠራም፤ ለጥ ብሎ ወረደ። መልሼ ወደ ቀዳዳው አወረድኩት።

ከታች ቀይ ሰፊ መስመር በራ። የሐይቁ ወለል። ከእሱ ከፍ ብሎ ቀጭን አረንጓዴ፤ የእኔ መንጠቆ። እጄን ከፍ ሳደርግ መስመሯም ከፍ አለች፣ ዝቅ ሳደርግ ዝቅ አለች። ኤሪክ ፊቱን ወደ ድንኳኑ ግድግዳ አዙሮ ነበር።

ከዚያ ከቀዩ መስመር ላይ ሌላ መስመር ተነሣ። ቀስ እያለ ወደ መንጠቆዬ መጣ፣ እየቀረበ ሲሄድ እየደመቀ።

"ሳቢው!" ብሎ ጮኸ መኮንን። ያ የበረዶ ፈሪ ተንበርክኮ ቀዳዳው ላይ ሊወድቅ ደርሷል። "አንቺ ሴትዮ፣ ሳቢው እንጂ!"

አልሳብኩም። ዓሣው መጣ፣ መንጠቆው ጎን ትንሽ ቆመ፣ ተመልሶ ወደ ታች ሄደ። መኮንን እስከ ዛሬ ይቆጨዋል። እኔ ልበላው አልሄድኩም። አንተ ያየኸውን ለማየት ነው የሄድኩት፤ አየሁት።

ስንመለስ ማሽኑን የተሸከመው መኮንን ነው። ኤርፖርት ላይ ልቀበለው ስል "ተዪው፣ ትጥይዋለሽ" አለኝ። በእሑዱ ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ሪዙን ተላጭቶ ነበር። ሰው ሁሉ ምን ሆነህ ነው ሲለው "ሁለት ጊዜ ተሸነፍኩ" አለ። ሁለተኛውን እኔ ብቻ አውቃለሁ፤ አሁን ደግሞ አንተ።

ማሽንህ አልጋህ ላይ ነው። ቤቴ የሚመጣ ያየዋል፤ ፊቱን ማዞር የፈለገ ያዙር። ለሚጠይቀኝ ሁሉ እንዴት እንደሚሠራ አስረዳለሁ፤ ላልጠየቀኝም አስረዳለሁ። "ጊዜ ሲሄድ ትረሺዋለሽ" ላሉኝ መልሴ ይህ ነው፤ ከኤሪክ ጋር ቀን ቆርጠናል፤ ሐይቁ እንደገና ሲረጋ እዚያው ነኝ። ጉልበቴ እስከቻለ በየዓመቱ እሄዳለሁ። ጉልበቴ ሲደክም መኮንን ይሸከመኛል፤ ነግሬዋለሁ።

ቫዝሊን አልቀባም። ሳሙና ይዤ እመጣለሁ።

እናትህ አልማዝ